ወንድሜን የወሰደው የልብ በሽታ ልጆቹንም ይወስድብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ታላቅ ወንድሜ በ38 ዓመቱ ካረፈ ሁለት ወር አለፈው። ከስድስት ዓመት በፊት ደረጃ ሲወጣ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲነሳ ‹የልብ ጡንቻህ ወፍሯል፣ በዘር የሚመጣ ነው› ተባለ። ወረቀቱ ላይ 24 ሚሊ ሜትር ይላል። ደም ግፊት ኖሮበት አያውቅም። አቴኖሎል ታዞለት ይውጥ ነበር። ሊሞት ሁለት ሳምንት ሲቀረው መድኃኒቱ አልቆበት ነበር፤ የምገዛለት እኔ ነበርኩ፣ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ውሃ በመጣ ቀን ጀሪካን ይዞ ሲወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወደቀ። ክብሪት አሸተትነው፣ ውሃ ረጨንበት፤ መኪና ተለምኖ ሆስፒታል ስንደርስ ‹አልፏል› አሉን። አባታችንም በ41 ዓመቱ በድንገት ነው የሞተው፤ ያኔ ምች መታው ተባለ። ወንድሜ የ11 ዓመት ወንድና የ7 ዓመት ሴት ልጅ ትቶልናል፤ ወንዱ ለሰፈሩ ቡድን ኳስ ይጫወታል። ልጆቹ ይመርመሩ ስል እናቴ ‹በዘራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ታናሽ እህትሽ ልትዳር ነው፣ ስማችንን አታጥፊ› ትላለች። እኔም ከለቅሶው ወዲህ ደረቴን ይጫነኛል፣ ልቤ ይመታል፤ ሐዘን ነው ይሉኛል። የገደልኩት እኔ እሆን? ልጆቹስ?»

ምላሽ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ለወንድምዎም ነፍስ ይማር። ከጥያቄዎችዎ አስቀድሜ የምመልሰው የጥፋተኝነቱን ነው፤ እሱ ደረትዎ ላይ ተቀምጦ ሳለ ስለ ልጆቹ የምለው አይሰማዎትም።

አልገደሉትም። ይህን የምለው ለማጽናናት ብዬ ብቻ አይደለም። አቴኖሎልና መሰሎቹ ለዚህ በሽታ የሚታዘዙት የልብን ምት አዘግይተው ልብ በደም የሚሞላበትን ጊዜ ስለሚያረዝሙለት ነው። ትንፋሽ ማጠሩን፣ የደረት ሕመሙን፣ የልብ ትርታውን ይቀንሳሉ። ድንገተኛ ሞትን እንደሚያስቀሩ ግን በጥናት አልተረጋገጠም፤ አንድ ቀን ሳያስተጓጉሉ የሚውጡ ሰዎችም በድንገት ያርፋሉ። መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ መልካም እንዳልሆነ አልሸሽግዎትም፤ ልብን ያስደነብራል፤ እየወሰዳችሁ ያላችሁ አንባቢዎችም ይህን እንደ ፈቃድ እንዳትቆጥሩት። ነገር ግን «የሁለቱ ሳምንት ክፍተት ነው የገደለው» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሐኪም ካጋጠመዎት ከሚያውቀው በላይ እየተናገረ ነው።

የጀሪካኑም ነገር እንደዚያው ነው። ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ አይመከርም። ሆኖም በዚህ በሽታ በድንገት ከሚሞቱት ብዙዎቹ የሚያርፉት ቁጭ ብለው፣ ቀላል ነገር እየሠሩ፣ አንዳንዴም ተኝተው ነው። ወንድምዎ ያንን ደረጃ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲወጣ ሲወርድ ኖሯል።

ስለ ክብሪቱም አይቆጩ። በእኛ ሀገር ሰው ሲወድቅ ቀድሞ የሚታሰበው የሚጥል በሽታ ነው፤ ክብሪቱም ከዚያ የመጣ ልማድ ነው። በወንድምዎ ላይ የደረሰው ግን የልብ ኤሌክትሪክ መዛባት ሳይሆን አይቀርም። ልብ መምታቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል፣ ደም መርጨቱን ያቆማል፣ ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። ያንን የሚመልሰው የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ደረቱን የሚጫንለት ሰው ከሌለ ንዝረቱ በዘገየ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። መሣሪያው በየአደባባዩ ግድግዳ ላይ በተሰቀለባቸው ሀገሮች እንኳ ልባቸው ከሆስፒታል ውጭ ከቆመባቸው ሰዎች የሚተርፈው ከአሥሩ አንዱ ገደማ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ሦስተኛ ፎቅ፣ መኪና ተለምኖ፣ በዚያ መንገድ ሲሆን ሂሳቡ ምን እንደሚመጣ እርስዎም ያውቁታል።

ለወደፊቱ ግን በዚያ ብሎክ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ይህን ይወቅ። የወደቀ ሰው ሲጠሩት ካልሰማና ትንፋሹ ከጠፋ ወይም እንደ ማንኮራፋት ከተቆራረጠ፣ አንዱ 907 ወይም 939 ይደውል። ሌላው በጀርባው አስተኝቶት በደረቱ መሃል ሁለት እጁን ደራርቦ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እስኪጎደጉድ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን፤ ሰው እስኪደርስለት አያቁም። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። እድሮቻችን ለድንኳንና ለድስት የሚያወጡትን ያህል ባይሆን እንኳ፣ አንዱን የወር ስብሰባ ለዚህ ቢያውሉት እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ በሽታው። ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ ይባላል። የግራው የልብ ክፍል ግድግዳ፣ በተለይ ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው፣ ያለ በቂ ምክንያት ይወፍራል። የጤነኛ ሰው ግድግዳ ከ11 ወይም 12 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ 15 ሲደርስ በሽታው ነው እንላለን፤ የወንድምዎ 24 ነበር። ደም ግፊትም ግድግዳን ያወፍራል፤ ግፊት የሌለበት የ32 ዓመት ሰው 24 ሲደርስ ግን ሐኪሙ ወደ ዘር መጠቆሙ ትክክል ነው። የወፈረው ጡንቻ ደም የሚወጣበትን በር ያጠብባል፤ ደረጃ ላይ ራሱን የሳተው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ከውፍረቱ ይልቅ ክፉው የጡንቻው ክሮች ተዛንፈው መደርደራቸው ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚዛባው እዚያ ላይ ነው።

ብርቅ በሽታ አይደለም። ከ500 ሰው አንዱ ገደማ አለበት፤ አብዛኛው ሳያውቀው ይኖራል። በሕክምናው ዓለም በደንብ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ ዶናልድ ቲር የሚባል የለንደን የአስከሬን መርማሪ በድንገት የሞቱ ወጣቶችን ልብ ከፍቶ አይቶ ጻፈው። ኳስ የሚከታተል ሰው ካሜሩናዊውን ማርክ ቪቪየን ፎዬን ያስታውሳል፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2003 ሊዮን ላይ ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወቱ ሜዳ ላይ ወድቆ አረፈ፤ በአስከሬን ምርመራ የተገኘበት ይኸው በሽታ ነው። እኛ ዘንድ ወጣት በድንገት ሲሞት ቶሎ አፈር ማልበስ ነው የሚቀድመው፤ በሐዘን ላይ ላለ ቤተሰብ አስከሬን ይመርመር ማለት ምን ያህል እንደሚከብድም አውቃለሁ። ቢሆንም አባትዎ ያኔ ተመርምረው ቢሆን ወንድምዎ ገና በልጅነቱ ክትትል ሊጀምር ይችል ነበር። የእርሳቸው ሞት በምችም በሌላም ሊተረጎም ይችላል፤ ዛሬ ማረጋገጫ የለንም። ልጃቸው በዚህ በሽታ ካረፈ በኋላ ግን እኔ የአባትዎንም ሞት የምመዘግበው በዚሁ መዝገብ ውስጥ ነው።

ውርሱ እንዲህ ነው። የተበላሸው ዘረመል ከአንድ ወላጅ ብቻ መምጣቱ ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ዘውድና ጎፈር እንደ መጣል ነው፣ ሃምሳ በሃምሳ። «ሁለት ልጆች ስላሉ አንዱ ይዞታል፣ አንዱ ነፃ ነው» ማለት አይደለም። ሳንቲሙ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጣላል፤ ሁለቱም ነፃ ሊሆኑ፣ ሁለቱም ሊይዙ ይችላሉ። ወንድና ሴት አይለይም። ዘረመሉን ከያዙት መካከል እንኳ ግድግዳቸው የማይወፍር፣ ወይም በስድሳ ዓመታቸው የሚጀምራቸው አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። ስለ ወንድምዎ ልጆች ጠይቀዋል፣ ስለ እህትዎ ትዳር ጽፈዋል፣ ስለ ራስዎ ግን «ሐዘን ነው ይሉኛል» ብለው አለፉት። እርስዎ የሟች እህት ነዎት። ዘረመሉ ከአባትዎ የመጣ ከሆነ የእርስዎም ዕድል ከልጆቹ ዕድል እኩል ነው። ሐዘን ደረትን እንደሚጫን፣ እንቅልፍ እንደሚነሳ፣ ልብን እንደሚያስመታ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ጃፓናውያን ሐኪሞች የገለጹት፣ ከከባድ ሐዘን ወይም ድንጋጤ በኋላ ልብ ለጊዜው የሚዝልበት ሕመምም አለ። ስለዚህ ጎረቤቶችዎ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ይህን የሚወስነው ጎረቤት ሳይሆን ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት የሚመዘግበው ምርመራ) እና ኢኮ ነው፤ ከልጆቹም ቀድሞ መታየት ያለብዎት ምልክት ያለብዎት እርስዎ ነዎት። በዚህ ሳምንት ይሂዱ። ራስዎን ከሳቱ ወይም ሊስቱ ከደረሱ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

መታየት ያለባቸው እርስዎ፣ ታናሽ እህትዎ፣ ሁለቱ ልጆችና እናትዎ ናችሁ። ምርመራው መርፌም ማደንዘዣም የለውም፤ ኢሲጂ ደቂቃዎች፣ ኢኮ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። የጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎላችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ ከዚያም እንዳስፈላጊነቱ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ ትላካላችሁ። የወንድምዎን የኢኮ ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርገው ይያዙ። በልጆቹ የሪፈር ወረቀት ላይ «አባት በ38 ዓመቱ በሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ በድንገት ሞቷል፣ አያት በ41 ዓመታቸው በድንገት ሞተዋል» ተብሎ እንዲጻፍ አጥብቀው ይጠይቁ። ይህ ዓረፍተ ነገር ከሌለ የሚሮጥ የሚዘል የ11 ዓመት ልጅ «ምንም የለበትም» ተብሎ ከበር ይመለሳል።

ሐኪሙ ለዘመድ የሚጠቀምበት መለኪያም ጠበቅ ያለ ነው፤ በእናንተ ቤት አዋቂ ላይ 13 ሚሊ ሜትር ከተገኘ በሽታው እንዳለ ይቆጠራል፣ ለልጅ ደግሞ በሰውነቱ መጠን ይሰላል። ዛሬ ደህና ሆኖ መገኘት ፋይል አያዘጋም፤ ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ የሚወፍረው ልጅ በሚመዘዝበት የጉርምስና ዘመን ስለሆነ ልጆቹ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ፣ አዋቂዎቹ በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ ይደገምላቸዋል። የዘረመል ምርመራ የሚባለውን ከውጭ ያነበባችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል፤ ከመጀመሪያዎቹ ዘረመሎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1990 ተለይቷል፣ ሌሎችም ተከትለዋል፤ ግን ከበሽተኞቹ ብዙዎቹ ላይ መንስኤውን አያገኝም። ገንዘባችሁ ለኢኮ ይዋል።

በነገራችን ላይ «በቤታችን ሁለት የልብ በሽተኛ አለ» ማለት ሁልጊዜ ዘር ማለት አይደለም። እዚህ ሀገር የወጣቶችን ልብ በብዛት የሚጎዳው የጉሮሮ ሕመም ካልታከመ በኋላ የሚመጣው የሩማቲክ በሽታ ነው። የሚያበላሸው ጡንቻውን ሳይሆን ቫልቩን፣ ማለትም ለደም የሚከፈትና የሚዘጋውን የልብ ክዳን ነው፤ በአንድ ክፍል ተጠጋግተው የሚያድጉ ወንድማማቾችን አብሮ ሊይዝ ስለሚችል ዘር ይመስላል። እሱ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ በሚወጋ ፔኒሲሊን እንዳይብስ ይጠበቃል፣ ክትትሉም ሌላ ነው። ስለዚህ አንባቢዎች፣ የሟች ዘመዳችሁ ወረቀት ላይ የተጻፈው ጡንቻ ይሁን ቫልቭ መጀመሪያ አስነብቡ።

ወደ እናትዎ እንመለስ። እናትዎን አይጋፏቸው፤ በአንድ ዕድሜ ባልም ልጅም የቀበሩ ሴት ናቸው። «በዘራችን የለም» ማለታቸውም በራሳቸው ወገን ከሆነ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በሽታው የመጣው በአባትዎ በኩል ይመስላል፤ ኢኮ ሲነሱ ደግሞ ቃላቸው በወረቀት ይረጋገጥላቸዋል። እንዲህ ብለው ቢያቀርቡላቸው ክርክሩ ይለዝባል።

የትዳሩን ነገር ግን በግልጽ ልናገር። እኛ ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት እናውቃለን፤ ያ ቆጠራ ይህን በሽታ አያስቀርም፣ አንድ ወላጅ ይበቃዋልና። ያው ቆጠራ ለሌላ ነገር ግን በጣም ይጠቅመናል። ለሙት ዓመቱ ዘመድ ሲሰበሰብ ከአባትዎ ወገን ያሉትን አዛውንቶች አጠገብዎ አስቀምጠው ይጠይቋቸው፦ ማን በወጣትነቱ በድንገት ሞተ? ማን ይወድቅ ነበር? ዋና እየቻለ ወንዝ ውስጥ የቀረ፣ «የሚጥል አለበት» እየተባለ የኖረ ማን አለ? በወረቀት ይሳሉት። የአጎትና የአክስት ልጆች ስለ ራሳቸው የሚያውቁት ያኔ ነው፣ እነሱንም የመንገር ግዴታ አለብዎት ብዬ አምናለሁ። ሙሽራዋ እህትዎ ከሠርጉ በፊት ትመርመር፤ ውጤቱን ለእጮኛዋ መንገር የእርሷ ጉዳይ ነው። እኔን ብትጠይቀኝ ንገሪው እላታለሁ፤ ምክንያቴም እርግዝና ነው። በሽታው ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች በክትትል በሰላም ይወልዳሉ፤ ለዚያ ግን አዋላጁም የልብ ሐኪሙም ባልየውም አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። የሚያስፈራው ተደብቆ ቆይቶ ከምጥ ጋር ሲገለጥ ነው።

አንዱ ልጅ ቢገኝበትስ? ከወንድምዎ ጋር ስድስት ዓመት ኖራችኋልና አንዳንዱን ያውቁታል። ማታ ትንፋሹን ማዳመጥ፣ ስልክ ባላነሳ ቁጥር መደንገጥ፣ እሱ ደግሞ እንዳትሰጉ ሕመሙን መደበቅ፤ ይህን ብዙ ቤተሰብ ይነግረኛል፣ በልጅ ላይ እንዲደገም አልመክርም። ሕክምናና ክትትል በተሟላበት ቦታ በዓመት በዚህ በሽታ የሚሞተው ከመቶ ሕመምተኛ አንድ እንኳ አይሞላም፤ አብዛኞቹ አርጅተው ነው የሚሞቱት። እኛ ጋ ሁሉም አልተሟላም። አደጋው ከፍ ላለበት ሰው ደረት ሥር ተቀብሮ ልብ ሲዛባ ራሱ ንዝረት የሚሰጥ መሣሪያ አለ፤ ዋጋው ከአብዛኛው ቤተሰብ አቅም በላይ ስለሆነ ለማን እንደሚያስፈልግ መለየት ይቀድማል። በድንገት የሞተ አባት መኖሩ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ራስን መሳት፣ 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ግድግዳ፣ በ24 ሰዓት የልብ ምት ቀረጻ ላይ የሚታይ መዛባት፣ ከእነዚህ የተገኘበት ልጅ «ክትትል ይበቃዋል» ተብሎ አይተው፤ ስለ መሣሪያው በስም አንስተው ይጠይቁ።

የዕለት ኑሮው ውስጥ ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት ውሃ ነው። የወፈረ ልብ ውስጡ ጠባብ ነው፤ ሰውነት ሲደርቅ በሩ ይበልጥ ይጠብባል። ተቅማጥና ትውከት በያዘው ቀን ይህ ሰው እንደ ሌላው «ያልፍልኛል» ብሎ አይተኛ። ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋልም፣ የረመዳን ቀንም እንዲሁ ነው፤ ለታመመ ሰው ሁለቱም ሃይማኖቶች መላ አላቸው፣ የንስሐ አባትን ወይም ኢማሙን ማማከር ነው። ጠበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ ክኒኑን ይዞ። ሌላው ጥንቃቄ መድኃኒት ላይ ነው። በሩ የጠበበበት ሰው ለግፊት የሚሰጡትን ኒፊዲፒንና አምሎዲፒን፣ ምላስ ሥር የሚደረገውን ናይትሮግሊሰሪን፣ እንደ ላሲክስ ያለውን ውሃ የሚያስሸና መድኃኒት የልብ ሐኪሙ ሳያውቅ መውሰድ የለበትም። ለሌላው ሰው የሚረዳው እሱን ሊጥለው ይችላል። ጉንፋን ይዞት ክሊኒክ ቢገባ እንኳ የመጀመሪያ ቃሉ «የልብ ጡንቻ መወፈር አለብኝ» ይሁን።

ለልጆቹ ምን ልበላቸው ብለው አልጠየቁም፣ ግን ይጠይቁዎታል። የ11 ዓመቱ አባቱ እንዴት እንደሞተ ከለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ሰምቶ ጨርሷል። «አባባ ልቡ ታሞ ነበር፤ የአንተንና የእህትህን ልብ ሐኪም እንዲያይልን እንሄዳለን፤ ዝም ብለህ ትተኛለህ፣ አያምም» ይበቃዋል። ትንሿ የምትፈራው መርፌውን ነው፤ እንደሌለ ይንገሯት። እርስዎም ቀድመው ታይተው «እኔም ተነሳሁ» ቢሏቸው ይቀላቸዋል።

ስለ ኳሱ፦ ኢኮው እስኪነሳ ድረስ ግጥሚያና ሩጫ ያለበት ልምምድ ይቁም፤ ለአሠልጣኙም ለስፖርት መምህሩም ምክንያቱን ይንገሯቸው፣ ሰንፎ እንዳይመስላቸው። መራመድ፣ ትምህርት ቤት መሄድ፣ ከጓደኞቹ ጋር መጫወት አይከልከል። ኢሲጂውም ኢኮውም ንጹሕ ከሆኑ በዚያው ሳምንት ሜዳው ላይ ይመለስ፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ከአንድ ዓመት ባይዘገይ እመርጣለሁ፣ የሚያድግበት ዘመን ገና መጀመሩ ነውና። የሆነ ነገር ከተገኘ ደግሞ የሚጫወተውንና የማይጫወተውን ሐኪሙ ከልጁና ከእናቱ ጋር ተነጋግሮ ይወስናል፤ ዛሬ ዛሬ መልሱ ለሁሉም «ፈጽሞ አይንካ» አይደለም።